የጨጓራ ካንሰርን ከአፍላ ዕድሜ ጀምሮ መከላከል፦ የሳጋ ልምድና የመንዝ እውነታ

ሔሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን የጨጓራ ባክቴሪያ በአፍላ ዕድሜ ላይ በሚገኙ ልጆች ፈልጎ በማከም የጨጓራ ካንሰርን አስቀድሞ መከላከል ይቻላል የሚለው ሐሳብ በሕክምናው ዓለም እየጎላ መጥቷል። ሐሳቡ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ባክቴሪያውን ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠው ወገን መድቦታል። ሰው በባክቴሪያው የሚያዘው በአብዛኛው በሕፃንነቱ ሲሆን ካንሰሩ የሚከሰተው ግን ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ስለሆነም የጨጓራው ግድግዳ ሳይጎዳ ማከሙ ይበጃል ይባላል። ጥያቄው ይህ አሠራር እንዳለ ተወስዶ ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐ ቤቴ ተማሪዎች ይሆናል ወይ የሚለው ነው።

የሐሳቡ ደጋፊዎች በቅድሚያ የሚጠቅሱት የጃፓኗን የሳጋ ክፍለ ሀገር ነው። በዚያ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ዕድሜያቸው 15 ዓመት ገደማ የሆኑ ተማሪዎች ሽንታቸው ይመረመራል፤ ባክቴሪያው የተጠረጠረባቸው በሰገራ አንቲጅን ምርመራ ይጣራሉ፤ የተያዙትም ይታከማሉ። ይሁን እንጂ እነዚህ ልጆች ካንሰሩ የሚከሰትበት ዕድሜ ላይ ገና አልደረሱም። በታይዋን ማትሱ ደሴቶች እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በተካሄደው ዘመቻ በካንሰሩ የሚያዙ ሰዎች ቁጥር በግማሽ ያህል ቀንሷል፤ የታከሙት ግን 30 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ናቸው። የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበራት በጋራ ያወጡት መመሪያም ምልክት የሌላቸውን ልጆች እየመረመሩ ማከምን አይደግፍም።

በአንጻሩ፣ በአፍሪካ ባክቴሪያው ቢበዛም ካንሰሩ ጥቂት ነውና ነገሩ አያሳስብም የሚለው መከራከሪያ ከዚህ የባሰ ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የጥናቶች ማጠቃለያ በኢትዮጵያ ከተመረመሩት መካከል ግማሽ ያህሉ በባክቴሪያው መያዛቸውን አሳይቷል። የካንሰሩ ቁጥር ግን በሚገባ አልተቆጠረም። እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ የሚሸፍነው ከተማይቱን ነው። ኢንዶስኮፒ ሳይታይ በራቤል ወይም በሞላሌ ገጠር የሚሞት ገበሬ «በጨጓራ ሞተ» ተብሎ ይቀበራል እንጂ በመዝገብ አይሰፍርም። ያልተቆጠረን በሽታ የለም ማለት ደግሞ አይገባም።

ስለዚህ ስሕተቱ በዓላማው ላይ ሳይሆን በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በሳጋ የተሳካው ምርመራው ብቻ አይደለም፤ ማጣሪያው፣ መድኃኒቱና ክትትሉ የተያያዙ ናቸው። በአገራችን በየክሊኒኩ የተለመደው በደም የሚደረገው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ግን ያለፈውንና ያለውን አይለይም፤ በሽተኛው ከዳነ በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለብህ» ማለቱን አይተውም። በዚህ ውጤት ተመርኩዞ ለመሐል ሜዳ ተማሪዎች አሞክሲሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲንና ኦሜፕራዞል ማደል የዳነውን ደግሞ ማከም፣ ባክቴሪያውንም መድኃኒት ማላመድ ይሆናል። የመድኃኒት መላመድ ደግሞ በአንድ በሽታ ብቻ አይወሰንም፤ ነገ ሳንባው የሚታመመው ሕፃን ዋጋውን ይከፍላል።

የቤተሰቡም ጉዳይ አለ። ባክቴሪያው ከሰው ወደ ሰው፣ በተለይም በቤት ውስጥ ይተላለፋል። የታከመው ልጅ የሚመለሰው እናቱና ታናናሾቹ ወዳልታከሙበት ቤት ነው። ከአንድ ትሪ መቁረስ የሚያስነውር ባህል አይደለም፤ ከመቁረስ በፊት እጅ የሚታጠቡበት ውኃ ከምንጭ በእንስራ በጀርባ የሚመጣ ከሆነ ግን መከላከሉ የሚጀምረው ከፋርማሲ ሳይሆን ከምንጩ ነው።

ይህ ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። በመጀመሪያ የጨጓራ ሕመም የሚደጋገምባቸውና በቅርብ ዘመዶቻቸው ላይ የጨጓራ ካንሰር የታየባቸው ሰዎች በሰገራ አንቲጅን ይመርመሩ። ሕክምናቸውን ከጨረሱ ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ኦሜፕራዞሉንም ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አቁመው መዳናቸው ይረጋገጥ። የደብረ ብርሃን፣ የመሐል ሜዳና የዓለም ከተማ ሆስፒታሎች የሚያገኙትን የጨጓራ ካንሰር በአንድ መልክ ይመዝግቡ። ከዚያም በአንድ ትምህርት ቤት፣ በወላጆች ፈቃድ፣ ጥቅሙና ጉዳቱ እየተለካ ሙከራው ይጀመር። የመንዝ ልጅ ከሳጋው ልጅ ያነሰ ጥንቃቄ አይገባውም፤ የሚገባው ጥንቃቄ ግን ከክኒኑ በፊት ትክክለኛው ምርመራና ንጹሑ ውኃ እንዲደርሱለት ነው።