የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት የሕይወት ታሪክና የሚያዝያ 1928 ምክር

ስለ ጠላት ወረራ ዘመን የተጻፉትን መጻሕፍት ስናነብ የመንግሥቱን ታላላቅ ሹማምንት አርበኛና ባንዳ ብለን በሁለት መክፈል ለምደናል። ለጠላት ሳይገባ በንጉሡ አሳብ ያልተስማማ ሦስተኛ ወገን መኖሩን ግን እንዘነጋለን። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዚህ ወገን ናቸው። በ1969 ዓ.ም. ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ የታተመውን የሕይወት ታሪካቸውን የምንመረምረው በእርሳቸውና በንጉሠ ነገሥቱ መካከል ለመፍረድ አይደለም። ተቃውሟቸው ስለ ምን ያን መልክ እንደ ያዘ ለመጠየቅ ነው።

ደራሲው የተወለዱት በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በሰያደብር ነው። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት ተምረዋል። ወደ አገራቸው ተመልሰው የጻፉት «ፋቡላ» የተባለው የአውሬዎች ተውኔት የሹማምንቱን ነውር ገለጠ ተብሎ ታግዷል። እንግዲህ የተቃውሞ ቃል ዋጋው ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ያልገባቸው ሰው አልነበሩም።

ይሁን እንጂ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈረመውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኒሁ ሰው ናቸው። የጃፓንን ሕግ ምሳሌ ባደረገው በዚህ ሕግ የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን የማይነካ ነው፤ ጦርነት ማወጅም ሰላም ማድረግም የእርሳቸው ብቻ ነው። ሚኒስትሮች ስለ መሥሪያ ቤታቸው ጉዳይ አሳባቸውን በጽሑፍ ያቀርባሉ፤ ላቀረቡትም አሳብ ኃላፊዎች ናቸው። አሳቡ ተቀባይነት ያጣ እንደ ሆነ ሚኒስትሩ ምን ማድረግ እንደሚገባው ግን ሕጉ አይናገርም። የመጽሐፉ አንባቢ ይህን ዝምታ ልብ ሊለው ይገባል እንላለን።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦራችን በማይጨው ከተሸነፈ በኋላ ጠላት ደሴን ይዞ ወደ ሸዋ ገሠገሠ። የሆለታ ገነት ዕጩ መኮንኖች ከደብረ ብርሃን በስተ ሰሜን ያለውን የጣርማበርን በር እንዲይዙ ታዘዙ፤ የዚያን ያህል ጦር ግን መንገዱን ሊዘጋ አልቻለም። በአዲስ አበባ የተሰበሰበው ምክር ቤት ሁለት አሳብ ቀረበለት። አንዱ መንግሥቱ ወደ ጎሬ ተዛውሮ ውጊያው ይቀጥል የሚል፣ ሁለተኛው ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ሄደው ይክሰሱ የሚል ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደ መዘገቡት ሁለተኛው አሳብ በ21 ድምፅ በ3 ላይ አለፈ። ከተቃወሙት አንዱ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ናቸው። (የሁለቱ ሰዎች ስም ስለሚቀራረብ አንባቢ እንዳያምታታቸው እናሳስባለን።) ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱን ወደ ጅቡቲ የወሰደው ባቡር ያለፈው ተክለ ሐዋርያት በሚገዙት በጨርጨር በኩል ነው።

ተክለ ሐዋርያት ይህን ጉዞ አጥብቀው ይነቅፋሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በበኩላቸው በ«ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ምክንያታቸውን ዘርዝረዋል። ሰኔ 23 ቀን በጄኔቫ የተናገሩት ቃል የኢትዮጵያ ጉዳይ እንዳይረሳ መርዳቱንም የሚክድ ያለ አይመስለንም። የእኛ ጥያቄ ግን ወደ ደራሲው ይመለሳል። ንጉሡ መውጣት ካልተገባቸው፣ ገዥውስ ስለ ምን ወጡ? ተክለ ሐዋርያት ወደ ጅቡቲ ተሻገሩ፤ ንጉሡን ወደ እንግሊዝ አገር ለመከተል እምቢ ብለው በኤደን በኩል ማዳጋስካር ገቡ፤ በዚያም ብዙ ዓመታት በስደት ኖሩ። በዚያው ጊዜ የአዲስ አበባ ፖሊስ ሹም የነበሩት አበበ አረጋይ በአንኮበርና በመንዝ ጦር አቁመው ይዋጉ ነበር። ሰያደብር ከአንኮበር ሩቅ አይደለችም።

ፍርሃት ነው የሚለውን መልስ አንቀበለውም፤ ሰውየው በብዙ ስፍራ ድፍረታቸውን አሳይተዋል። ከዚህ ይልቅ ሕገ መንግሥቱንና የሕይወት ታሪኩን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ይሻላል። ባረቀቁት ሕግ መሠረት ሹም ማለት የንጉሡ ሰው ማለት ነው። ከንጉሡ የተለየ ሹም ለአገሩ እየታመነ የሚቆምበት ስፍራ አልተበጀለትም። ስለዚህ ተክለ ሐዋርያት ሲለዩ የተለዩት ከንጉሡ ብቻ ሳይሆን ከመንግሥትም ከጦርም ነው። መጽሐፉ ስለ ንጉሡ ጥፋት ሲናገር ብርቱ ነው፤ ስለዚህኛው ጉድለት ግን ያን ያህል ብርቱ ሆኖ አላገኘነውም።

ብላታ ታከለ በአርበኝነት ቆይተው ከ1933 ዓ.ም. በኋላም ንጉሠ ነገሥቱን መቃወማቸውን አልተዉም። አንድ ጊዜ ይሾማሉ፣ አንድ ጊዜ ይታሰራሉ፤ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ይህን አልለወጠላቸውም። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ሊይዟቸው ከመጡ ፖሊሶች ጋር ተታኩሰው ሞቱ።