መንገደኛው የት አደረ? የጉብሬ መንገድ ማደሪያ ቤቶችና የታሪክ አጠናናችን

የጉራጌን ወደ ከተማ መፍለስ የመረመሩ ሥራዎች መነሻውንና መድረሻውን አሳምረው ያሳዩናል። ዊልያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ የእንሰት እርሻውን፣ የጎሳ አደረጃጀቱንና የእምነት ሥርዓቱን ይዘረዝራል። የአዲስ አበባን ታሪክ የጻፉትም መርካቶን፣ ሱቁን፣ ሊስትሮውን ያነሣሉ። በሁለቱ መካከል መንገዱ አለ። መንገደኛው ሲመሽበት የት አደረ? ማን አበላው? በምን ሒሳብ? ወልቂጤንና ጉብሬን የመሰሉ የመንገድ ዳር ከተሞችን አመጣጥ የሚጽፍ ሰው ከዚህ ጥያቄ ቢጀምር ይሻለዋል ባይ ነኝ።

የመጀመሪያው እንቅፋት ስም ነው። በእኛ አነጋገር «ሆቴል» ምግብ ብቻ የሚሸጥበትም ሊሆን ይችላል፤ «ቡና ቤት» ደግሞ መጠጥም አልጋም ይኖረዋል። አንድ ቤት ጠላና ጠጅ በመሸጥ ይጀምርና ለመሸበት ነጋዴ መደብ ላይ ጅባ ያነጥፋል፤ ኋላ ክፍል ጨምሮ አልጋ ቤት ይባላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰፈሩ የሚያውቀው «እትዬ እገሊት ቤት» ብሎ ነው። ፋይል ሲያገላብጥ «ሆቴል» የሚለውን ብቻ የሚፈልግ አጥኚ የቤቱ የልጅነት ዕድሜ ያመልጠዋል፤ ጠጁን የጣለችው ሴትም አብራ ታመልጠዋለች። የአዲስ አበባው ጣይቱ ሆቴል ታሪክ ሳይጠፋ የቆየው መሥራቿ እቴጌ ስለነበረች ነው። በጥር 2007 ዓ.ም. ሲቃጠል አገር ያዘነለትም ታሪኩ ስለተነገረ ነው።

ለማደሪያ ቤት ከፋቾች የሚሰጠውን «ቀደምት ሰፋሪ» የሚል አባባልም በጥንቃቄ ልንይዘው ይገባል። መኪና ከመምጣቱ በፊት በጉራጌ ምድር ጀፎረ ነበር፤ ቤቶች ግራና ቀኝ የተሰለፉበት፣ ከብት የሚውልበት፣ ሸንጎ የሚቀመጥበት፣ ለቅሶ የሚደረግበት ሰፊ አረንጓዴ ጎዳና። በዚያ ያለፈ መንገደኛ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ያድር ነበር። እንግዲያው ማደሪያ ቤት የከፈተው ሰው እንግዳ መቀበልን አልጀመረም፤ ለማደሪያ ዋጋ ማስከፈልን ጀመረ። ዋናው የጥናት ጥያቄም ይኸው ይመስለኛል፦ ከእንግዳ ገንዘብ መቀበል ነውር መሆኑ የቀረው መቼ ነው?

ይህን ለመመለስ ለምንሰበስበው የቃል ምስክርነት የዘመን ማሰሪያ አናጣም። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው የአዲስ አበባ–ጅማ መንገድ፣ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን፣ በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ያቋቋሙት የመንገድ ሥራ ድርጅት፣ እያንዳንዳቸው «መኪና የገባ ጊዜ» ለሚለው ትዝታ ዓመት ይሰጡታል። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ የባለቤትነትን ሐረግ በጠሰ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ለአጥኚው ግን የቀበሌ መዝገብ ተረፈለት፤ ቤቱ ከመወረሱ በፊት የማን እንደነበረ ለመጠየቅ ከዚያ የተሻለ መነሻ አላይም።

ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያስተምረው እዚያው ጉብሬ ነው። ተማሪዎቹ ከግቢ ወጥተው የቀድሞ ሾፌሮችን፣ ረዳቶችን፣ የቡና ነጋዴዎችን በሕይወት ሳሉ ይጠይቁ። ቤቶቹን ያቀኑትን ሴቶችም ስም ከነአባታቸው ይጻፉ።