«ደረቅ ግድግዳ»፦ ስለ አንድ የቃል በቃል ትርጉም የቀረበ ሂስ

ስለ ቤት አሠራርና ጥገና በሚተረጎሙ ጽሑፎች ውስጥ አልፎ አልፎ «ደረቅ ግድግዳ» የሚል ስያሜ ያጋጥማል። ስያሜው ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተገለበጠ ነው፤ የተፈለገው ነገር ግን በሁለት ወፍራም ወረቀቶች መካከል የታቀፈ የጀሶ ሰሌዳ ነው። በዚህ አጭር ሐተታ የምንጠይቀው ስያሜው ያምራል ወይስ አያምርም ብለን አይደለም። ሥራውን የሚሠራውን ሰው ወደ ነገሩ ያደርሰዋል ወይስ ያሳስተዋል ብለን ነው።

በመጀመሪያ የስያሜውን ምንጭ እንመልከት። በአሜሪካ በ1894 እ.ኤ.አ. አውገስቲን ሳኬት የተባለ ሰው ወረቀትና ጀሶ ተደራርበው የሚሠሩበትን ሰሌዳ በፈጠራ መብት አስመዘገበ። ከዚያ በፊት በዚያ አገር የቤት ግድግዳ የሚሠራው በእንጨት ርብራብ ላይ እርጥብ ልስን በመደራረብ ነበር፤ እያንዳንዱም ድርብ እስኪደርቅ ብዙ ቀን ይጠበቅ ነበር። ሰሌዳው ግን ደርቆ የመጣ ስለሆነ ተቆርጦ በሚስማር ይመታል። እንግዲህ «ደረቅ» የሚለው ቅጽል የግድግዳው ጠባይ ሳይሆን የአሠራሩ መለያ ነው፤ ትርጉሙን የሚያገኘውም ከእርጥቡ አሠራር ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው።

አሁን ስያሜውን ወደ ሐራ እንውሰደው። ሐራ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ የሚመጣው የባቡር መሥመር በስሟ የሚጠራባት፣ በገበያ ከወልድያና ከመርሳ ጋር የተሳሰረች የሰሜን ወሎ ከተማ ናት። በዚህ አካባቢ፣ እንደ ሌላው የአማርኛ ተናጋሪ አገር ሁሉ፣ የጭቃ ቤት የሚያውቅ ሰው «ደረቅ ግድግዳ» ሲባል የሚገባው ምርጉ የደረቀለትና ለልስን የደረሰ ግድግዳ ነው። እርከን የሚክብ ገበሬ ደግሞ ያለ ጭቃ የተደረደረ ድንጋይ መስሎት «ይህስ ካብ ነው» ሊል ይችላል። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ የተሳሳተው ተርጓሚው ነው።

ጉዳዩ በስያሜው ብቻ አያበቃም፤ ግሦቹም አብረው ይሳሳታሉ። የጭቃ ቤት ሙያ እያንዳንዱን ተግባር በየስሙ የሚጠራ ነው። ቋሚው ይተከላል፤ ማገሩ ይማገራል። ጭቃው ከጭድ ጋር ይረገጣል፤ ይቦካል። ከዚያ ግድግዳው ይመረጋል፤ ምርጉ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ በላመ ጭቃ ይለሰናል። «መረገ» እና «ለሰነ» የሚሉት ቃላት አንዱ ለሌላው መፍቻ ሊሆኑ አይገባም፤ የመጀመሪያው አካል መስጠት፣ ሁለተኛው ገጽ ማሳመር ነውና። መዝገበ ቃላት ሁለቱን እንደ ተመሳሳይ ቃላት ቢያስቀምጥ የሙያውን ቅደም ተከተል ያጠፋል።

የጥገናውን ሥራ ስንመለከት አደጋው ጎልቶ ይታያል። የጭቃ ግድግዳ ሲፈርስ ጠጋኙ አስቀድሞ የቀረውን ጠርዝ ውኃ ያጠጣዋል፤ አለዚያ አዲሱ ጭቃ ከአሮጌው ጋር አይያያዝም። በጀሶ ሰሌዳ ላይ ይኸው ተግባር ጥፋት ነው። ወረቀቱ ይላላል፤ ጀሶው ይፈርሳል። ሰሌዳው ሲበሳ አስቀድሞ ርጥበት ያለ እንደ ሆነ ምንጩ ይፈለጋል። ከዚያ የተጎዳው ክፍል በአራት ማዕዘን ተቆርጦ ይወጣል፤ ከጀርባው እንጨት ይደገፍለታል፤ በልኩ የተቆረጠ ሌላ ሰሌዳ በብሎን ይታሰራል። መጋጠሚያው በጥብጣብ ከተሸፈነ በኋላ ስቱኮ ሳሳ ሳሳ ተደርጎ ይደራረብበታል፤ እያንዳንዱም ድርብ ሳይደርቅ ሌላው አይጨመርም። በመጨረሻ በአሸዋ ወረቀት ተፍቆ ቀለም ይቀባል። ተርጓሚው ይህን ሁሉ «ግድግዳውን መለሰን» ብሎ ቢያልፈው፣ ሙያውን ጠንቅቆ የሚያውቀው ለሳኝ ባልዲ ውኃ ይዞ ይመጣል። ጥፋቱ የእጁ ሳይሆን የቃሉ ይሆናል።

ስለዚህ ለዕቃው «የጀሶ ሰሌዳ» የሚለውን እንመርጣለን። «ጀሶ» ከጣሊያንኛ የመጣ ቢሆንም በሙያተኛው አፍ ከተለመደ ቆይቷል። በገበያ የሚሰማውን «ጂፕሰም ቦርድ» መዝገበ ቃላት በአቻነት ይያዘው እንጂ አይናቀው። ለጥገናው ግን አዲስ ቃል መፍጠር አያሻንም፤ ከልብስ ሙያ «ጣፈ» አለልን። የተቀደደ ልብስ በመጣፊያ እንደሚጣፍ ሁሉ የተበሳ ሰሌዳም ይጣፋል፤ ቁራጩም መጣፊያ ይባላል። «ለሰነ» ለእርጥቡ ሥራ ብቻ ይቆይ።

የቀረው ሠሪውን የሚመለከተው ነው። «ሥራ ተቋራጭ» የሚለው ስያሜ ዋጋ ከመቁረጥ የወጣ መልካም ስያሜ ነው። «ሥራው ተቋረጠ» ከሚለው ግሥ ጋር በመዛመዱ ግን ቀልድ አያጣውም፤ ቀልዱንም አንዳንዱ አሠሪ በቤቱ አይቶታል። ከቀልዱ ይልቅ የሚያሳስበን በስምምነቱ ላይ የሚጻፉት ቃላት ናቸው። «ግድግዳ ማደስ» የሚል ስምምነት ለአሠሪው ሙሉውን ግድግዳ ከነቀለሙ፣ ለሠሪው ደግሞ ቀዳዳውን መጣፍ ብቻ ሊሆን ይችላል። በቀን ሂሳብ ነው፣ በካሬ ሜትር ወይስ በቁርጥ? ዕቃውን የሚያቀርበው ማን ነው? ቃሉ ካልለየ ጠብ ይለየዋል።

በተለይ «ቀብድ» እና «ቅድሚያ ክፍያ» መቀላቀል የለባቸውም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ ውል ለመፈጸሙ ማስረጃ ነው። የተለየ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለውም ቢተው አጠፌታውን ይመልሳል። ለስቱኮና ለብሎን መግዣ ብሎ ገንዘብ የሰጠ አሠሪ ብዙውን ጊዜ ያሰበው ይህን አይደለም፤ ከዋጋው ላይ አስቀድሞ መክፈሉን ነው። ሆኖም በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቃል «ቀብድ» ከሆነ፣ ክርክር ሲነሣ የሚነበበው አሳቡ ሳይሆን ቃሉ ነው። ሁለቱን በአንድ ፍቺ የሚያስቀምጥ መዝገበ ቃላት ለዚህ ሰው ኪሳራ ድርሻ አለው ማለት ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደረሰበት ሰሜን ወሎ ብዙ የሚጠገን ግድግዳ አለው። የጥገና መመሪያ የሚተረጉም ሁሉ ስያሜውን ከመዝገብ ከመምረጡ በፊት ለአንድ ለሳኝ ያንብብለትና «ምን ይዘህ ትመጣለህ?» ብሎ ይጠይቀው። ለሳኙ ውኃ ካለ ትርጉሙ ይታረም።