ወደ ሊድስ ለሚሄድ ሰው የሚሆኑ ሁለት መጻሕፍት

ባለፈው ወር አንድ አብሮ አደጌ ለማስተርስ ወደ ሊድስ ሊሄድ መሆኑን ነገረኝና «እስቲ የእንግሊዝን ታሪክ የሚያሳውቅ፣ ግን እንቅልፍ የማያመጣ መጽሐፍ ጠቁመኝ» አለኝ። እኔ ኮድ ስጽፍ የምውል ሰው እንጂ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ግን ከቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ወደ ሥራ ስመላለስ መንገድ ላይ የሚያልቀው ሰዓት አንባቢ አድርጎኛል። የሄንሪ 8ኛን ስድስት ሚስቶች ከፊልም ያውቃቸዋል። ስለዚህ በመቅደላ በኩል የሚያስገቡትን ሁለት መጻሕፍት ጠቆምኩት።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የፊሊፕ ማርስደን «ዘ ቤርፉት ኤምፐረር» ነው። ታሪኩን ከትምህርት ቤት እናውቀዋለን። አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ላኩ፤ መልሱ ቀረ፤ ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ። ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ መጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ከቪክቶሪያ በስጦታ የተላከላቸውን ሽጉጥ ጠጡ።

ታዲያ መጨረሻውን እያወቅን ለምን እናነባለን? ማርስደን ስለማይቸኩል ነው። ጋፋት ላይ መድፍ ሲሠራ፣ ሴባስቶፖል በሰው ጉልበት ተራራ ለተራራ ሲጎተት ጊዜ ሰጥቶ ያሳየናል። አንብቤ እዚያ ስደርስ፣ የሚሆነውን እያወቅሁም «ይድረስላቸው» ብዬ ተመኝቻለሁ። ጥሩ ተራኪ ማለት እንዲህ ነው።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። በሙያዬ ሲስተም ሲበላሽ የአንድ ሰርቨር ሎግ ብቻ አይቶ ምክንያቱ ይሄ ነው ማለት ነውር ነው። ስለ መቅደላ የመጨረሻ ዓመታት በእንግሊዝኛ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የሚቆመው እነ ብላንክና ራሳም ከእስር ወጥተው በጻፉት ላይ ነው። እስረኛ የሚያየው ደግሞ የአሳሪውን ቁጣ ነው፤ የቁጣውን ምክንያት እምብዛም አያይም። ስለዚህ ማርስደንን የምታነቡ ከሆነ የጳውሎስ ኞኞን «አጤ ቴዎድሮስ» አጠገቡ አስቀምጡ። አለቃ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም የጻፏቸው የአማርኛ ዜና መዋዕሎችም አሉ። ተራ በተራ ሳይሆን ጎን ለጎን ብታነቧቸው ይሻላል።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው «ዘ ፕሪንስ ኤንድ ዘ ፕላንደር» ነው። ጸሐፊው አንድሪው ሄቨንስ አዲስ አበባ ጋዜጠኛ ሆኖ ሠርቷል። ማርስደን ከሚጨርስበት እሱ ይጀምራል ማለት ይቻላል። ከመቅደላ ዘረፋውን ለማውረድ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈልጎ ነበር። ከዘረፋው ጋር የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም ሄደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ አረፉ። ልጁ ካፒቴን ስፒዲ በሚባል መኮንን እጅ እንግሊዝ ገባ፤ ንግሥቲቱን አገኘ፤ ረግቢ ተማረ፤ ሳንድኸርስት ገባ።

ሄቨንስ የልጁንም የዕቃዎቹንም ዱካ እንደ መርማሪ እየተከተለ ይሄዳል፤ የማያሰለቸውም በዚህ ነው። በብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት አሉ፤ ለሕዝብ አይታዩም፤ የሙዚየሙ ሠራተኞችም እንዲያዩአቸው አይፈቀድም። የማይታይ ነገር ሙዚየም ውስጥ ምን ይሠራል? ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ነው ከመጽሐፉ የምትወጡት። ድክመቱ የዕቃው ነገር ሲበዛ ልጁ አልፎ አልፎ ከእጅ ማምለጡ ነው።

«ዘና የሚያደርግ» ተብሎ ተጠይቄ ይህን መጠቆሜ ልክ ነው? ልክ ነው እላለሁ። የሚያስቆጭ ታሪክ በአሰልቺ ቋንቋ ሲጻፍ እኛም ሁለት ገጽ አንብበን እንተወዋለን። እነዚህን ግን ትጨርሷቸዋላችሁ። ደግሞም እንግሊዞች ቅርሳችን ብለው የሚያስጎበኙት ውስጥ የእኛም እንዳለበት ማወቅ አገራቸውን የማወቅ አንዱ ክፍል ነው።

አብሮ አደጌ ሁለተኛውን አስቀድሞ አነበበ። ማታ ደወለልኝ። «ሊድስ መሞቱን ለምን አልነገርከኝም?»

ዓለማየሁ እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 1879 ሊድስ ውስጥ በ18 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው ዊንዘር ነው። አጽሙ ይመለስ የሚለውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2023 አልተቀበለውም፤ ምክንያት ያደረገውም የሌሎች ሰዎች ዕረፍት ይረበሻል የሚለውን ነው።

«ከመጽሐፉ እንድትሰማው ብዬ ነው» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ «እንግዲህ ስደርስ ያረፈበትን ቤት ፈልጌ አያለሁ» አለኝ። ማርስደንንም ለመንገድ ይዞታል።