«ይህ ሰው ማነው?»

በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ደራሲ ስለ አዲስ ልቦለዱ እንዲናገር በተጋበዘ ቁጥር ከአድማጩ መካከል አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። «ይህ ገጸ ባሕሪ በእውነቱ ዓለም ማነው?» የሚል ነው። በመምህራን ኮሌጅ ሳለሁ እኔም እጄን አውጥቼ ጠይቄዋለሁ። ደራሲው ፈገግ ብሎ አለፈው፤ የፈራ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ግን ጥፋቱ የጠያቂው እንደ ነበረ አምናለሁ። ምክንያቴ «ኦሮማይ» ነው።

በዓሉ ግርማ ይህን ልቦለድ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ሲያወጣ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹም ነበር። መጽሐፉ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። በመንግሥት እጅ እንደ ተገደለ በሰፊው ይታመናል። አንባቢው «ይህ እገሌ ነው፤ ያኛው እገሌ ነው» እያለ ሲጫወት ሹማምንቱም ራሳቸውን በገጾቹ ውስጥ ይፈልጉ ነበር። ለእኛ ጨዋታ የሆነው ለእርሱ ሞት ሆነ።

ስም ስናዛምድ ዋናው ነገርም ያመልጠናል። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለ ማርያም አሥመራ የሄደው የቀይ ኮከብን ዘመቻ በቃል ሊያደምቅ ነው። ናቅፋ ግን አልተያዘችም። ዓይኑ ያየውን አፉ ሊናገር ያልተፈቀደለት ሰው ምን ይሆናል? የመጽሐፉ ጥያቄ ይህ ነው። ከጣሊያንኛ የመጣው ርእስም «አበቃ፣ ከንቱ ነው» እንደ ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲወጣ የዚያን ዘመን ሹማምንት ስም ሰምቶ የማያውቅ አንባቢ አገኘው፤ መጽሐፉ ያለ እነርሱም ቆሟል።

ጉድለት የለውም አልልም። ፊያሜታ ጊላይን የምናያት በፀጋዬ ዓይን ነው። ውበቷ በብዙ ተነግሮናል፤ ጦርነቱ በአገሯ ሰው ላይ ያደረሰውን ከራሷ አንደበት የሰማነው ግን ጥቂት ነው። እንዲህ ያለው ሂስ መጽሐፉን ይመረምራል እንጂ ደራሲውን ለማንም አሳልፎ አይሰጥም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ስለ እኛው ስለ ኮር ዊሊያም ሰዎች ነው። በዚህች በእጅ በምንጽፋት መጽሔታችን አንዲት እኅታችን አጭር ልቦለድ አውጥታ ነበር። በማግሥቱ በቡናው ሁሉ «ባልየው እገሌ ነው» ተባለ። እርሷም ከዚያ ወዲህ ብዕሯን አላነሣችም። ሸሽተን የመጣን ሰዎች ነን፤ ስም መታወቁ ምን እንደሚያመጣ ከማንም ይልቅ እናውቃለን። እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ውይይታችን «ማነው?» ማለቱን ትተን «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብለን እንጠይቅ። እኅታችንም ትመለስልን።