መድፉን ትተህ ጋሪውን እይ

የጥንት የጦር መርከብ መድፍ በሞዴል ተሠርቶ ሲቀርብ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው መድፉ ላይ ነው። እኔ ግን የሠሪውን እጅ ለማወቅ ከሥሩ ያለውን የእንጨት ጋሪ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። መድፉን ቶርኖ የሚችል ሰው አሳምሮ ያወጣዋል። ጋሪው ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ለምን እንደዚያ እንደተቆረጠ ያልገባውን ሰው ወዲያው ያጋልጣል።

እ.ኤ.አ. በ1805 ትራፋልጋር ላይ የተዋጋችውን የእንግሊዟን የጦር መርከብ ቪክቶሪን እንውሰድ። በታችኛው የመድፍ ወለሏ 30 ባለ 32 ፓውንድ መድፎች ተደርድረው ነበር። አንዱ ብቻ ከ2.5 ቶን በላይ ይመዝናል፤ የሚተኩሰው ድብልብል ብረትም 14.5 ኪሎ ያህል ነው። ይህን ሁሉ ተሸክሞ፣ በተተኮሰ ቁጥር ወደ ኋላ እየተወረወረ የሚኖረው በአራት ትንንሽ የእንጨት መንኮራኩሮች ላይ የቆመ ጋሪ ነው። በብዛት የሚሠራው ኤልም ከሚባለው ዛፍ እንጨት ነበር፤ የኤልም ጅማት እርስ በርሱ የተጠላለፈ ስለሆነ ቶሎ አይሰነጠቅም።

በ1፡24 ልኬት 2.9 ሜትር የሚሆነው መድፍ ወደ 12 ሴንቲሜትር ይወርዳል፤ የጋሪው የጎን ሳንቃም 6 ሚሊሜትር ገደማ ይወፍራል። እዚህ ላይ ጀማሪው እውነተኛ ኤልም ፍለጋ ይወጣል። እንጨት ሲቆረጥ ያንሳል እንጂ ጅማቱና ቀዳዳው አብሮ አያንስም፤ በዚያ መጠን የኤልም ጅማት ገመድ አክሎ ይታያል። ስለዚህ የበሰሉት ሠሪዎች ጅማቱ የማይታየውን የፒር ዛፍ እንጨት ይመርጣሉ። ኤልምን የሚመስለው ኤልም ያልሆነው ነው፤ ይህን ምርጫ ሁልጊዜ አደንቃለሁ።

ወደ መንኮራኩሮቹ እንምጣ፤ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወዳቸው እነሱን ነው። የፊተኞቹ ከኋለኞቹ ይበልጣሉ። የመርከብ ወለል መሐሉ ከፍ ብሎ ወደ ጎንና ጎን ስለሚያዘቀዝቅ፣ በመድፉ መስኮት በኩል የሚቆሙት የፊት መንኮራኩሮች ዝቅ ያለ ቦታ ይደርሳቸዋል፤ ትልቅ መሆናቸው ያንን ያካክሳል። ጥሩ ሞዴል እንግዲህ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ወደ ኋላ ትንሽ ዘመም ይላል። አራቱን እኩል አድርጎ ያቆመ ሰው ጋሪውን ሲሠራ መርከቡን አላሰበም።

የጎን ሳንቃዎቹም ትይዩ አይደሉም። መድፉ ወደ አፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ እነሱም ከፊት ይቀራረባሉ፤ በመካከላቸው የሚገባው አግዳሚ ጫፎቹ በሰያፍ መቆረጥ አለባቸው። ሰያፉ በጣም ጥቂት ስለሆነ በዓይን ግምት አይገኝም። የቸኮለ ሠሪ ቀጥ አድርጎ ቆርጦ ክፍተቱን በኮላና በእንጨት ዱቄት ይደፍነዋል፤ ቀለም ሲቀባ ደግሞ ድፍኑ ብቅ ይላል። የረጋው ሠሪ መገጣጠሚያውን ሞርሳ ላይ አስሮ ብርሃን እስከማያሳልፍ ድረስ በሞረድ ይልገዋል። የትልቁ መድፍ ሳንቃ ራሱ አንድ ወጥ አልነበረም፤ ሁለት ጣውላዎች ነበሩ፣ እንዳይንሸራተቱ መጋጠሚያቸው ደረጃ ተሠርቶለት በእንጨት ችንካር የተያያዙ። ይህችን የተሰበረች መስመር በ6 ሚሊሜትር ሳንቃ ላይ በትክክል ገጥማ ሳያት ደስ ይለኛል፤ መስመሯን በእርሳስ አስምሮ የሚያልፍም አለና።

የሳንቃዎቹ የኋላ ጠርዝ እንደ ደረጃ የተቆረጠው ለጌጥ አይደለም። መርከበኞች የእንጨት ማንሻቸውን ደረጃው ላይ አስደግፈው የመድፉን ቂጥ ከፍ ያደርጋሉ፤ ሌላው ሰው ሽብልቁን ከሥር ይገፋል። የመድፉ አፍ ከፍና ዝቅ የሚለው በዚህ ነበር። ስለዚህ በሞዴሉ ላይ ሽብልቁ ከሚያርፍበት መደብ ጋር በኮላ ባይጣበቅ እመርጣለሁ።

ብረታ ብረቱን አላበዛበትም። ነሐሱ በኬሚካል ከጠቆረ ከቀለም የተሻለ ነው፤ ቀለም የቡሎኖቹን ጠርዝ ያድበለብላል።

ገመዱ ግን ብዙ ያናግራል። መድፉን ወደ ኋላ ሲፈናጠር የሚገታው ወፍራም ገመድ በብዙ ሞዴሎች ላይ ቀጭን ክር ሆኖ ይታያል፤ ጥንቃቄ ያላቸው ሰዎች ከተልባ እግር ክር ሦስት ሦስት አድርገው ራሳቸው ይገምዱታል። መንገዱም ይለያያል። በዚያ ዘመን እንግሊዞች በመድፉ ጀርባ ባለው ቀለበት ያሳልፉት ነበር፤ ፈረንሳዮች ደግሞ በጋሪው የጎን ሳንቃዎች ቀዳዳ በኩል። ባለ ቀለበት የእንግሊዝ መድፍ ሥር ሳንቃዎቹ ለገመድ የተበሱ ጋሪ ካገኘሁ፣ መገጣጠሚያው ምንም ያህል ቢጠራ፣ ሠሪው ሁለት የባሕር ኃይሎችን አንድ ጋሪ ላይ አቀላቅሏል።