ሁለተኛው ዓይኗ የት ሄደ?

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየ ያደገ ሰው «ማዳም ኤክስ»ን ሲያይ መጀመሪያ ስለ ቀሚሷ የሚጠይቅ አይመስለኝም። ሁለተኛው ዓይኗ የት ሄደ? ነው የሚለው። በእኛ የአሣሣል ልማድ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያየናል። ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ በዓድዋ ሥዕሎች ላይ ደግሞ የጣሊያን ወታደር በጎን ይሣላሉ። ጆን ሲንገር ሳርጀንት ሴትዮዋን በጎን ያዞራት ለአፍንጫዋ ቅርጽ ብሎ ነው። የፓሪስ ሰው ግን ልክ እንደኛ ሠዓሊ ፈረደባት።

ታሪኩ የታወቀ ስለሆነ ቶሎ ልለፈው። ቪርዥኒ ጎትሮ እ.ኤ.አ. በ1859 ኒው ኦርሊንስ ተወልዳ ፓሪስ ያደገች፣ ሀብታም ያገባች፣ በውበቷ ከተማው የሚያወራላት ወይዘሮ ነበረች። ሣለኝ ብላ አልከፈለችም፤ ልሣልሽ ብሎ ሰው የላከባት እሱ ነው። በ1884፣ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ 2 ዓመት በፊት፣ ከ2 ሜትር በላይ የሚረዝመው ሸራ በፓሪስ ሳሎን ተሰቀለ። የቀሚሷ አንዱ ማንገቻ ከትከሻዋ ወርዷል። ጉድ ተባለ! እናቷ አውርድልን ብላ ለመነችው፣ እምቢ አለ። በኋላ ግን ማንገቻውን ወደ ትከሻዋ መልሶ ሣለው።

ሥዕሉን እንየው እስቲ። እዚህ ካንጋተን ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ በስልኬ ከላይ ወደ ታች እየተቆራረጠ ነው የሚከፈተው፤ ለዚህ ሥዕል ደግሞ እንደዚያ ይሻለዋል። ጠጉሯ ላይ ትንሽ የጨረቃ ጌጥ፣ ከዚያ ግንባሯ፣ ከዚያ ፑድር የጠጣ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቆዳ። ጥቁር ቀሚስ፣ ቡናማ ባዶ ግድግዳ። ጠረጴዛውን የተደገፈው ክንዷ ተጠማዞ ያማል፤ እንደዚያ ቁማችሁ ሞክሩት። ብዙ ሰው ይህን በራስ መተማመን ይለዋል። ለእኔ ለሰዓታት አትነቃነቂ የተባለች ሴት ክንድ ነው። በሕይወት ያለው ጆሮዋ ነው፤ ፑድሩ ስላልደረሰበት ቀልቷል። ሳርጀንት እሱን ማየቱ ትልቅ ሠዓሊነቱን ያሳያል፣ አልክድም።

የማልምረው ስሙን ነው። በሳሎኑ መዝገብ ላይ ስሟ በኮከብ ምልክት ተሸፍኖ ነበር፤ ያ የጨዋ ወግ ነው፣ ደግሞም ሁሉም አውቋታል። ሴትየዋ በ1915 ሞተች። በዓመቱ ሳርጀንት ሥዕሉን ለኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሲሸጥ፣ ድሮ ከእሷ ጋር በተፈጠረው ጠብ ምክንያት በስሟ እንዳይጠራ ጠየቀ። «ኤክስ» የመጣው ከዚህ ነው። ምሥጢራዊ ምናምን የምንለው እንግዲህ የአንድ ሰው ቂም ነው።

ጣና ላይ፣ ናርጋ ሥላሴ፣ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር በግንባሯ ተደፍታ ተሥላለች። ከማርያም አንጻር ትንሽ ናት። ግን ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራችው እሷ ናት፤ የምትደፋበትንም ቦታ የመረጠችው ራሷ ትመስለኛለች።

የካንጋተንን ነገር ያነሣሁት ለኔትወርኩ ብቻ አይደለም። የኛንጋቶም ሴቶች አንገታቸው ላይ ከልጅነት ጀምሮ የተከማቸ ጨሌ አለ። ቱሪስት ይመጣል፣ ብር ይሰጣል፣ ያነሣል፣ ይሄዳል። ፎቶው ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ሥሩ «የኛንጋቶም ሴት» ይላል፤ አንዳንዴም «የኦሞ ሴት»። የካሜራው ባለቤት ስም ግን ጥግ ላይ አለ፣ ከነማኅተሙ። ጨሌው በደንብ ተነሥቷል፣ ብርሃኑም ያምራል፣ እንደዚያች ጆሮ ማለት ነው።

ጎትሮ ከዚያ ሁሉ ጉድ በኋላ ቤቷ ተደብቃ አልቀረችም። በ1891 ጉስታቭ ኩርቷ ሣላት፤ ሥዕሉ ፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም አለ። ቀሚሷ ነጭ ነው፣ አሁንም በጎን ናት፣ ማንገቻውም አሁንም ወርዷል! ማንም አልጮኸም። የሥዕሉ ርእስ «ማዳም ጎትሮ» ነው። ያንን ሥዕል ፕሮፋይል ያደረገ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።